የሐረር ጀጎል ሙዚየሞችን ለመጎብኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐረር ደርሼ በተመለስኩ ቁጥር ስልኬ በጥያቄ ይሞላል። ወዳጅ ይጠይቃል፣ የወዳጅ ወዳጅ ይጠይቃል። ከቶሮንቶና ከጅዳ የሚደውሉም አሉ። ጥያቄዎቹ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልሳቸው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ጊዜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። የትኛውን ሙዚየም ልይ?

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ፣ ለጎብኚ ክፍት የሆኑ ቤቶች በርከት ይላሉ። ለአንድ ቀን ሦስት ይበቃል፦ ሸሪፍ ሙዚየም፣ የራምቦ ቤትና አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት። ሦስቱም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው።

አንድ ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ሸሪፍን እመርጣለሁ። ግን እዚያ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ። ሐረርን ከሌላ ቦታ የሚለያት ነገር አለ። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያያችሁት የሣር ስፌት ከሙዚየሙ ጀርባ ባለው ቤት ግድግዳ ላይ ዛሬም ተሰቅሎ ነው ያለው። እመቤቲቱ ለሠርግ ታወርደዋለች፣ አቧራውን ታራግፈዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። ሙዚየሙን አይቶ ቤቱን ያላየ ሰው ግማሹን ነው ያየው። ስለዚህ መጀመሪያ ሙዚየሙ፣ ከዚያ ቤቱ።

ሸሪፍ ሙዚየም ውስጥ ምን አለ?

የብራናና የወረቀት መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ የብር ጌጣጌጦች፣ ጎራዴና ጦር፣ የቤት ዕቃዎች፣ አልባሳት፣ የድሮ ሙዚቃ ቅጂዎችም አሉ። ይህን ሁሉ ያሰባሰቡት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ናቸው። የሙዚየሙ ስም የመጣውም ከእሳቸው ነው። በግላቸው ጀመሩ፤ የከተማውን ሰው ቤት እያንኳኩ፣ ሣጥን እያስከፈቱ። መጀመሪያ የገዛ ቤታቸውን ለጎብኚ ከፈቱ። ክምችቱ ቤቱን ሲሞላው የክልሉ መንግሥት አሁን ያለበትን ሕንፃ ሰጣቸው።

እኔ የምቆመው መጻሕፍቱ ጋ ነው። ሐረር የታወቀ የመጽሐፍ ድጉሰት፣ ማለትም መጽሐፍን በቆዳ የመሸፈን ሙያ ያላት ከተማ ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ ካደነቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ የድጉሰት ሥራ ነው። አንዱን መጽሐፍ ቀረብ ብላችሁ እዩት። የቆዳው ሽፋን ከኋላ በኩል ምላስ አለው። ያ ምላስ ወደፊት ዞሮ የገጾቹን ጠርዝ ይሸፍናል፤ አቧራ አያስገባም። ቆዳው ላይ የተመታው ጌጥ ከዓይን ይልቅ ለጣት የተሠራ ይመስላል። አትንኩት እንጂ። ጎንበስ ብላችሁ ብርሃኑ በሰያፍ ሲያርፍበት ካያችሁት ጌጡ ብድግ ብሎ ይወጣል።

ከመጻሕፍቱ መካከል ቁርኣንና ሌሎች የሃይማኖት ድርሳናት ይበዛሉ። ቋንቋቸው ዐረብኛ ብቻ አይደለም፤ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሐረሪኛም አለ። ያረጁት የሚጠገኑበት ክፍል ስላለ ሰው እየሠራበት ከሆነ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። እኔ አንድ ጊዜ ብል የበላው ገጽ ሲጠገን ቆሜ አይቻለሁ። ሠራተኛው በትንሽ ብሩሽ ማጣበቂያ ቀባ፣ ስስ ወረቀት አለበሰው፣ ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ሳንቲሞቹ ጋም ቁሙ። ሐረር የራሷ አሚሮች የነበሯት፣ የራሷን ገንዘብ ያሳተመች ከተማ ናት። ስሟ በዐረብኛ የተጻፈባቸው ስስ ሳንቲሞች ከግዙፉ የማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ሲቀመጡ የጣት ጥፍር ያህላሉ። ግን አንዲት ከተማ በገዛ ስሟ ትነግድ እንደነበር የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው።

ሕንፃው ለምን «የራስ ተፈሪ ቤት» ይባላል?

ተፈሪ መኮንን የተወለዱት ከሐረር ብዙ በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ነው፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም.። አባታቸው ራስ መኮንን የሐረር ገዥ ነበሩ፤ በኋላ ልጅየውም ገዝተዋል። ከእቴጌ መነን ጋር የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ቤት ነው ይባላል። ስሙም ከዚያ ቀረ።

ቤቱን ያሠራው ግን ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ከመግባታችሁ በፊት የበሩን ጉበን ቀና ብላችሁ እዩ። የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ ጋኔሽ በእንጨቱ ላይ ተቀርጿል። በመስጊዶቿ በምትታወቅ ከተማ፣ የክርስቲያን ንጉሥ በጫጉላቸው የኖሩበት ቤት፣ የሂንዱ ቅርጽ በበሩ ላይ፣ ውስጡ የቁርኣን ክምችት። ብዙ ሰው ከሥሩ አልፎ ይገባል፤ ቀና የሚል ጥቂት ነው።

ራምቦ ቤት በእርግጥ ራምቦ ኖሮበታል?

የሐረር ሰው «ራምቦ» የሚለው ፈረንሳዊውን ገጣሚ አርተር ራምቦን ነው። መጀመሪያ ሐረር የገባው በ1873 ዓ.ም. ለአንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ተቀጥሮ ነው፤ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ግጥም መጻፉን ያኔ ትቶታል። እየሄደ እየተመለሰ ብዙ ዓመት እዚህ ኖሯል። ለምኒልክ መሣሪያ ሸጧል፣ ከራስ መኮንንም ጋር ይዋደዱ ነበር።

አሁን የምታዩት ባለፎቅ የእንጨት ቤት ግን እሱ የኖረበት አይደለም። ከእሱ በኋላ ሕንዳዊ ነጋዴ የሠራው ነው። እሱ ኖሮበታል የሚባለው ከዚህ በፊት በቦታው ላይ የነበረ ሌላ ቤት ነው። ይህን አውቃችሁ ግቡ፤ ከዚያ ምንም ቅር አይላችሁም። የመስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት፣ ሥዕል ያለበት ጣሪያ፣ ከላይ የሚታየው የጀጎል ጣራ ብቻውን የመግቢያውን ዋጋ ያወጣል።

ዋናው ነገር ግን ፎቶዎቹ ናቸው። ራምቦ ከፈረንሳይ ካሜራ አስመጥቶ በ1875 ዓ.ም. አካባቢ ሐረርን አንስቷል። ከእሱ በኋላ የተነሱ የድሮ ፎቶዎችም ተሰቅለዋል። ገበያውን፣ በሮቹን፣ ሰዎቹን እዩና ወጥታችሁ ያንኑ ቦታ ፈልጉት። ብዙውን ታገኙታላችሁ።

የሰውየው መጨረሻ ያሳዝናል። ጉልበቱን ታሞ በ1883 ዓ.ም. በቃሬዛ ተጭኖ እስከ ዘይላ ወደብ ተወሰደ። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ ከወራት በኋላ በ37 ዓመቱ ሞተ።

የሐረሪ ባህላዊ ቤት ስገባ ምን ማድረግ አለብኝ? ጫማ ላውልቅ?

አዎ፣ ጫማ ይወልቃል። የሚወልቅና የሚደረግ ጫማ አድርጉ፤ ማሰሪያው የበዛ ቡት በር ላይ ያጉላላችኋል። ካልሲያችሁም ንጹሕ ይሁን።

«ጌይ ጋር» ይባላል፣ የከተማ ቤት ማለት ነው። ከግቢው በር ስታልፉ የመንገዱ ጫጫታ ይቆረጣል። ሳሎኑ ውስጥ ከወለሉ ከፍ ያሉ አምስት መደቦች ይጠብቋችኋል። ነደባ ይሏቸዋል። ዝም ብለው መቀመጫ እንዳይመስሏችሁ። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው፦ የክብር ቦታው አሚር ነደባ ነው፣ ትልቁ ግድር ነደባ፣ ትንሹ ጢት ነደባ። በር አጠገብ ያለው ደግሞ የክብር ቦታ አይደለም። ባለቤቷ «እዚህ ተቀመጡ» እስክትላችሁ ጠብቁ። አባወራው የሚቀመጥበት ላይ ዘው ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። እንግዳ ናችሁና ማንም ምንም አይላችሁም፤ ግን ይታያል።

ከዚያ ግድግዳውን እዩ። ለጽዋ፣ ለሳህን፣ ለቁርኣን የተሠሩ ጓዳ መሰል ጉድጓዶች አሉ፤ በደንበኛው ቤት አሥራ አንድ ናቸው። ከላይ እስከ ታች ስፌት ተደርድሯል። እናቴን ይዣት የሄድኩ ጊዜ አንድ ክዳን ያለው ስፌት አጠገብ ቆማ ቀረች። እሷ ያደገችው ሌላ አገር፣ ስንደዶና አክርማ ስትሰፋ ነው። «አጀማመሯን እይ» አለችኝ፣ መሐሉን በጣቷ ሳትነካ እያመለከተች። «ከዚህች ነጥብ ከተበላሸ እስከ ዳር ተበላሽቶ ነው የሚያልቀው።» የቤቱ እመቤት አማርኛው ብዙም አይሆንላትም ነበር። ግን ሰምታ ሳቀችና ሌላ አወረደችላት፣ ገልብጣ ጀርባውን አሳየቻት። ሁለቱ ከዚያ በኋላ እኛን ረሱን።

የቤቱ ቀይ ቀለምና በር ላይ የተጠቀለለው ምንጣፍ ምን ማለት ነው?

ቀዩ አፈር ነው፤ ወለሉና መደቡ ይቀባበታል። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ከምኒልክ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ጦርነት የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ተሸነፉ፣ ሐረርም ወደ ምኒልክ ግዛት ገባች። ይህን የሚነግሯችሁ ሰዎች አያቶቻቸው የሞቱባቸው ናቸው። ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ ክርክር አትክፈቱ። አዳምጡ።

ምንጣፉ ደግሞ የደስታ ነው። ከበር በላይ ተጠቅልሎ ከታየ ቤቱ ውስጥ ያላገባች ልጅ አለች ማለት ነው። በተጨማሪ ከሳሎኑ ጎን ያለችውን ትንሿን የሙሽሮች ክፍል እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ድሮ ሙሽሮቹ ሳምንት ያህል ሳይወጡ እዚያ ይቆዩ ነበር፤ ምግቡ በትንሽ መስኮት ይገባላቸዋል። ልጆች ይህችን ክፍል መቼም አይረሱም።

የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል የለም? ስለ አካባቢው እንስሳት የት ልይ?

በጭድ የተሞላ አንበሳ፣ በመርፌ የተወጋ ቢራቢሮ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ አራት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይሻላችኋል። ሐረር ላይ እንስሳው ራሱ ይመጣል።

ሲመሽ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ጅቦቹን በየስማቸው ይጠሯቸዋል። ሥጋው በአጭር እንጨት ጫፍ ይንጠለጠላል፤ ድፍረት ካላችሁ እናንተም ታበላላችሁ። መጀመሪያ የሚሰማችሁ ትንፋሻቸው ነው፣ ከዚያ የአንገታቸው ጠጉር ትከሻችሁን ሲነካ። እኛ ጅብን በተረት ስናንቋሽሸው ነው የኖርነው። ሐረር ላይ «ወራባ» ይሉታል፤ ክፉ መንፈስ ይበላል ብለው የሚያምኑም ብዙ ናቸው። በጀጎል ግንብ ላይ ለጅብ መግቢያ የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ማታ ይገባሉ፣ የተጣለውን አጥንት ይለቅማሉ፣ ሳይነጋ ይወጣሉ። በአሹራ በዓል ደግሞ ቅቤ ያለው ገንፎ ይቀርብላቸዋል። አበላላቸው ታይቶ የዓመቱ ዕድል ይተነበያል።

ይህን ነው እኔ የተፈጥሮና የባህል ታሪክ የምለው። አንድ ከተማ ከአዳኝ አውሬ ጋር ተስማምቶ ግንቡ ላይ በር ቆርጦለታል።

ጥቂት ምክር፦ ባለሙያው የሚላችሁን ስሙ፣ አትሩጡ፣ ሕፃን አታስጠጉ፣ የካሜራ ብልጭታ አጥፉ። ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ተጨማሪ ቀን ያላችሁ ሰዎች ወደ ባቢሌ ውረዱ። ከሐረር ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰኞና ሐሙስ የግመል ገበያ አለ። ከከተማው አለፍ ሲል ድንጋይ በድንጋይ ላይ የቆመበት ዳካታ ሸለቆ ይገኛል፤ አንዳንዱ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ ያሰኛል። በ1962 ዓ.ም. የተከለለው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያም በዚያው አቅጣጫ ነው። ዝሆን ግን በቀላሉ አይታይም። የሚያውቅ መንገድ መሪና ጥሩ መኪና ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ ፋንድያውን ብቻ አይቶ የሚመለስ ብዙ ነው።

መቼ ብሄድ ይሻላል?

ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ለስላሳ ነው። ስለ ወቅቱ ብዙ አትጨነቁ። የምትጨነቁት ስለ ሰዓቱ ይሁን። ሙዚየሞቹ አብዛኛውን ጊዜ በምሳ ሰዓት ይዘጋሉ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ስላለ ቀትሩ አካባቢ ረዘም ይላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ብርሃኑም ጥሩ ነው፣ ሰውም ገና አልደከመም።

በረመዳን መሄድ ይቻላል፤ ግን ቀን ቀን ከተማው ቀዝቀዝ ይላል። ምርጥ ጊዜ የምለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን ይጾማል፤ ከጾሙ ፍቺ ጋር ሹዋሊድ የሚባለው በዓል ይመጣል። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይኸው ነው። በሌሊት ከበሮ ይመታል፣ ከእንጨት የተሠሩ ማጨብጨቢያዎች አብረው ይጮኻሉ፣ ዚክሪ የሚሉት መንፈሳዊ ዜማ ይዜማል፣ ወጣቱ በጨዋታ ይተጫጫል። ሙዚየሙ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠው ከበሮ ለምን እንደዚያ እንደተላላጠ ያን ሌሊት ይገባችኋል። አልጋ ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

እንዴት እደርሳለሁ?

በአውሮፕላን ወይም በባቡር ድሬዳዋ ድረስ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሽቅብ አንድ ሰዓት ገደማ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ማለዳ ወጥቶ ማታ መግባት ማለት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ ጠይቁ።

ጀጎል ውስጥ እንዳልጠፋ አስጎብኚ ልያዝ?

እጠፋለሁ ብላችሁ አትያዙ። የጀጎል ግንብ ሦስት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁልቁል ወይ ሽቅብ ከሄዳችሁ መጨረሻው ግንብ ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ሲያሠሩት አምስት በር ነበረው፦ ፈላና በር፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ኤረር በርና ሰንጋ በር። መኪና የሚገባበት ስድስተኛው ኋላ የመጣ ነው። ከጠፋችሁ «ፈረስ መጋላ የት ነው?» በሉ፤ ሕፃኑም ይነግራችኋል። ድሮ የፈረስ ገበያ ነበር፤ ኋላ ደግሞ አሮጌዎቹ ፔጆ 404 ታክሲዎች የሚቆሙበት አደባባይ ሆነ። ከእዚያ የምትጀምረው ቀጭን መንገድ መኪና ግርግር ትባላለች። በግራም በቀኝም ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ስሟ የስፌት መኪናው ጫጫታ ነው። የገዛችሁትን ጨርቅ ቆማችሁ ታሰፋላችሁ።

አስጎብኚ መያዝ ያለባችሁ ለታሪኩ ነው። ፈቃድ ያለው፣ መታወቂያ ያንጠለጠለ ያዙ። ዋጋውን ለሰዓት ወይም ለቀን ብላችሁ ተስማሙ። አንድ ጊዜ በሌላ ከተማ ያስጎበኘን ሰው አሥራ ሁለት ክፍል በአርባ ደቂቃ አስሩጦን ወጣን፤ አንድም ነገር አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ ስነሳ እንዲህ እላለሁ፦ «ሁሉን ማየት አልፈልግም። አንተ የምትወደውን አምስት ዕቃ አሳየኝ።» ሞክሩት። የሰውየው ፊት ራሱ ይለወጣል።

ልጆቼን ይዤ ብሄድ ይሰለቻቸዋል?

ስሙኝማ፣ የሚሰለቹት እኛ ቶሎ ቶሎ ስንጎትታቸው ነው። ደብተርና እርሳስ ስጧቸውና እያንዳንዳቸው አንድ ዕቃ መርጠው ይሣሉ። የእህቴ ልጅ የስምንት ዓመት ሆኖ አንድ ጎራዴ ፊት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ ሣለ። እጀታው ላይ ያለውን ስንጥቅ ያየው እሱ ነው፤ ማናችንም አላየንም። ስትወጡ ሙሸበክ ወይም ሐልዋ የሚባሉትን ጣፋጮች ግዙላቸው። እናንተ ቁጢ ጠጡ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላ ነው፣ ጨው ጣል ይደረግበታል።

መግቢያው ስንት ነው? ፎቶ ማንሳትስ?

ዋጋው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ለሀገር ውስጥና ለውጭ ዜጋም ይለያያል። በር ላይ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ዝርዝር ብር ያዙ። መታወቂያችሁን አትርሱ።

ፎቶ በአንዳንዱ ቤት ይፈቀዳል፣ በአንዳንዱ ይከፈልበታል። ብራና ላይ ብልጭታ በፍጹም አይበራም፤ ቀለሙን ይጎዳዋል። መንገድ ላይ ያሉ ሴቶችን ግን ሳትጠይቁ አታንሱ። ደማቅ ሻሽና ቀሚስ ስለለበሱ ትርኢት ላይ ናቸው ማለት አይደለም። ገበያ እየሄዱ ነው።

ሙስሊም አይደለሁም። ችግር አለው?

ምንም። ሐረር እንግዳ የለመደች ከተማ ናት። ፈረስ መጋላ ላይ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አዛኑና ቅዳሴው እየተሰማማ ነው የሚኖረው። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች፣ ማለትም የቅዱሳን መቃብሮች፣ እንዳሉባት ጽፏል። መስጊድ ውስጥ ለመግባት ግን ፈቃድ ይጠየቃል፤ ካልተፈቀደ ከደጅ አይቶ ማለፍ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።

ጥንታዊ ሳንቲም፣ አሮጌ መጽሐፍ እንሽጥልህ የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ልግዛ?

አትግዙ። ይህን በልመና ነው የምላችሁ።

ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ይያዛል። ግን ሕጉ ባይኖርም አትግዙ እላለሁ። አንድ መጽሐፍ ከቤት ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደተሰጠ፣ በማን እጅ እንዳለፈ የሚያውቀው ያ ቤት ነው። እናንተ ሳሎን ሲደርስ ቆንጆ አሮጌ ነገር ብቻ ይሆናል። ገጽ ገጹ እየተገነጠለ የሚሸጥም አለ። አቶ አብዱላሂ በየቤቱ ዞረው የሰበሰቡት ይህ እንዳይሆን ነው።

መታሰቢያ ከፈለጋችሁ አዲስ ስፌት ግዙ። ሴቶቹ ዛሬም ተሰብስበው ይሰፋሉ። አንዱን ለመጨረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዋጋ ስትከራከሩ ለከት ይኑረው። ከምትሰፋዋ እጅ ከገዛችሁ ደግሞ ስሟን ጠይቃችሁ ከታች ጻፉበት።

ቤታችን የሐረር የሆነ የአያቴ ዕቃ አለ። ለሙዚየም መስጠት እችላለሁ?

ከውጭ ሀገር ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ የሚጠይቁት ይህንን ነው። ትችላላችሁ። ፎቶውን አንሱና ለሙዚየሙ ሰዎች አሳዩ፤ ወይም ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ። በፖስታ አትላኩ፣ እጅ በእጅ አድርሱ፣ ያስረከባችሁበትን ወረቀት ያዙ።

ከዚያ በፊት ግን የምታደርጉት ነገር አለ። አታጥቡት። ብሩን አትወልውሉ፣ የተቀደደውን ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ። ፕላስተር ከብል ይብሳል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

አያታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬ ስልካችሁን ከፍታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ዕቃውን በእጃቸው አስይዟቸውና ዝም በሉ። እኔ አንዲትን እናት ስቀዳ በብር አምባር ጀመሩ፣ አምባሩን ስለገዛላቸው አጎታቸው ቀጠሉ፣ አጎትየው ስለሚነግድበት ሱቅ፣ ሱቁ ስለነበረበት መንገድ ነገሩኝ። ቀረጻው አንድ ሰዓት ከሃያ ሆነ። ከዚያ ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የዕቃው ስም በሐረሪኛ፣ የማን እንደነበረ፣ ለምን ያገለግል እንደነበረ፣ የት ቤት እንደነበረ። ያቺን ወረቀት ከዕቃው ጋር አብራችሁ ጠቅልሏት።